ጭቅና ወይስ ፍሪምባ? የልኳንዳ ቤት ቃላትና የትኛው ሥጋ ለምን እንደሚሆን

ልኳንዳ ቤት ገብቶ «አንድ ኪሎ ሥጋ» ማለት ይቻላል። ቆራጩም መዝኖ ይሰጣል። ችግሩ የመረጠው እሱ እንጂ እናንተ አለመሆናችሁ ነው። አንገት ከተረፈው አንገት ይመዝናል፤ የፊት እግሩ ሥጋ፣ ወርቹ፣ ካልሄደለት ወርች ይጨምርበታል። ሁለቱም ጥሩ ሥጋ ናቸው። ለቶሎ ጥብስ ግን አይሆኑም። መጥበሻ ላይ አሥር ደቂቃ አገላብጣችሁ ስታወጧቸው ማኘክ ያቅታል፤ ወቀሳው ደግሞ ሥጋው ላይ ይወድቃል።

ብዙ ሰው ውድ ሥጋ ጥሩ፣ ርካሽ ሥጋ መጥፎ ይመስለዋል። በዚህ በፍጹም አልስማማም። ለድስት የሚሆን ምርጥ ሥጋ አለ፣ ለመጥበሻ የሚሆን ምርጥ ሥጋ አለ፤ ሲቀያየሩ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር ወስኑ፦ የምታበስሉት በኃይለኛ እሳት ለደቂቃዎች ነው ወይስ በዝግታ ለሰዓታት? ከዚህ በታች ያሉት ቃላት ሁሉ ትርጉም የሚኖራቸው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

የብልት ስሞች፦ የትኛው ለመጥበሻ፣ የትኛው ለድስት

የብልት ስም ከምንም በላይ የሚነግረን እንስሳው በሕይወት ሳለ ያ ጡንቻ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ነው። እግር ሲራመድ ይውላል። አንገት ጭንቅላት ተሸክሞ ይኖራል። ደረት የፊተኛውን አካል ክብደት ይይዛል። ብዙ የሠራ ጡንቻ በውስጡ ኮላጅን የሚባለው ማያያዣ ይበዛበታል፤ እሱ ነው ሥጋን የሚያጠነክረው። ከጀርባ አጥንት ጋር ተጠግቶ የሚሄደው ሥጋ ደግሞ ብዙ ሥራ የለበትም። ለስላሳ ነው።

የለስላሶቹ ቁንጮ ጭቅና ነው። አንዳንድ ቤት ፊሌቶ ይሉታል። ከጀርባ አጥንቱ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ በግራና በቀኝ ይገኛል። ከአንድ በሬ የሚወጣው ሁለት ብቻ ነው፤ ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። ስቡ ትንሽ፣ ጅማቱ ከምንም የማይቆጠር ነው። በወፍራሙ ተቆርጦ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ቢነሳ ግሩም ነው። ነገር ግን ስብ ስለሌለው ጣዕሙ ስስ ነው፤ ትንሽ ካለፈበትም ይደርቃል። ጭቅና ገዝቶ ለሁለት ሰዓት ማንተክተክ ብር ማቃጠል ነው።

ሽንጥ ከጎድን ቀጥሎ ወደ ዳሌ የሚሄደው የጀርባ ሥጋ ነው። እንደ ጭቅና አይለሰልስም፤ ጣዕሙ ግን ይበልጣል። ዳርና ዳሩን ስብ ይይዘዋል፣ መጥበሻ ላይም ያ ስብ እየቀለጠ ሥጋውን ያጠጣዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሽንጥ እላለሁ። በዋጋም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከጭቅና ይሻላል።

ጎድን ላይ ጠንቀቅ በሉ። ስሙ አንድ ነው፣ ሥጋው ሁለት ዓይነት ነው። ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ ያለው የላይኛው ጎድን ለስላሳና ስብ የገባበት ስለሆነ ለስቴክና ለፍም ይሆናል። ወደ ሆድ የወረደው የታችኛው ጎድን ደግሞ አጥንቱ ብዙ፣ ስቡ ወፍራም፣ ሥጋው ጠንካራ ነው። ድስት ይፈልጋል። «ጎድን ስጠኝ» ስትሉ «ከላይ» ወይም «ከታች» ብላችሁ ጨምሩ። ካልጨመራችሁ የታችኛውን ልታገኙ ትችላላችሁ።

ታፋ የኋላ እግር የላይኛው ሥጋ ነው። ትልቅ፣ ቀይና ወጥ ነው፤ ስብ ብዙም የለውም። መካከለኛ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በጣም በስሱ ከተቆረጠ ለቶሎ ጥብስ ይሆናል። ሙሉውን ኦቨን ውስጥ አብስሎ በስሱ መቁረጥም ያዋጣል። ለመፍጨትም ጥሩ ነው። በትላልቁ ተቆርጦ ረጅም ሰዓት ድስት ውስጥ ሲቆይ ግን ይደርቃል፤ የሚያርሰው ስብም ኮላጅንም በቂ አይደለም።

አሁን ወደ ሠራተኞቹ እንምጣ፦ ፍሪምባ (የደረቱ ሥጋ)፣ ወርች፣ ቅልጥም፣ አንገት፣ ጅራት። እነዚህን ብዙ ሰው ያልፋቸዋል። እኔ ግን ልኳንዳ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ በጣዕም የሚያህላቸው የለም ባይ ነኝ። ሚስጥሩ ኮላጅኑ ላይ ነው። ኮላጅን በፈጣን እሳት ይኮማተራል፣ ውሃውንም ከሥጋው ይጨምቃል። ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ በእርጥበት ውስጥ በዝግታ ሲቆይ ግን ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል። መረቁን የሚያወፍረው፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ቀላል ነው። ሥጋ ያለው የቅልጥም ቁራጭ በትንሽ እሳት ጣዱ። አንድ ሰዓት ሲሆነው በሹካ ውጉት። ይገፋችኋል፤ እንዲያውም ጥሬ ከነበረበት ጊዜ የጠነከረ ይመስላል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ «ይሄ ሥጋ ያረጀ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሲያልፈው ሹካው ይገባል፣ ግን ሲወጣ ሥጋውን ይዞ ይነሳል። ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ያ ነጭ የነበረው ጅማት መስታወት መስሎ ያሳያል፤ ሹካው ገብቶ ሲዞር ሥጋው ክር በክር ይለያያል። ያው ሥጋ፣ ያው ድስት ነው። የተጨመረው ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። ፍሪምባ በረጅሙ ሲበስል ስቡም ውሃውም ይወጣና ከክብደቱ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። ለስድስት ሰው የገዛችሁት ለአራት ሰው ቢሆን አትደነቁ። ስትገዙ ጨምራችሁ ግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ብልት ይሠራል። ሥጋ ክር አለው፤ በዓይን ይታያል። ቢላዋው ክሩን ተከትሎ ከሄደ ረጃጅሙን ክር የሚያኝከው ጥርሳችሁ ነው። ክሩን አቋርጦ ከሄደ ግን ክሩ ቀድሞ አጥሯል። ቆራጩን «ክሩን አቋርጠህ ቁረጥልኝ» በሉት። ታፋና ፍሪምባ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

አጥንት ያለው ወይስ የሌለው

አጥንት ያለው ሥጋ በኪሎ ይረክሳል። ግን ይረክሳል ማለት ያዋጣል ማለት አይደለም። ቀላሉ መንገድ የሚበላውን ብቻ ማስላት ነው።

ከአንድ ኪሎ አጥንት ያለው ሥጋ 600 ግራም የሚበላ ይወጣል እንበል። የኪሎውን ዋጋ በ0.6 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የንጹሕ ሥጋው እውነተኛ ዋጋ ነው። አጥንት ያለው ዋጋ የንጹሑን ሦስት አራተኛ ከሆነ፣ 0.75 ለ0.6 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ርካሽ መስሎ የታየው በ25 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። አጥንት ያለው ግማሽ ዋጋ ከሆነ ደግሞ 0.83 ገደማ ይመጣል፤ በእርግጥም ረክሷል። ስልካችሁ ላይ ሒሳብ መሥሪያ አለ፤ ወረፋ ስትጠብቁ ሥሩት።

መረቅ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። አጥንቱ፣ መቅኑና መገጣጠሚያው ላይ ያለው ልፋጭ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ይሠራል። ያኔ አጥንት ብክነት አይደለም። ለጥብስና ለመፍጨት አጥንት የሌለው፣ ለመረቅና ለረጅም ወጥ አጥንት ያለው፤ እኔ በዚህ እሄዳለሁ።

ለአንድ ሰው ስንት ይበቃል ለሚለው፣ አጥንት የሌለው ከሆነ ከ150 እስከ 200 ግራም፣ አጥንት ያለው ከሆነ ከ300 እስከ 400 ግራም ጥሬ ሥጋ ብትይዙ አይጎድልም።

ቅልጥም ስታሰብሩ ደግሞ በመጥረቢያ ከሚመታ በመጋዝ ቢቆረጥ ይመረጣል። በመጥረቢያ የተመታ አጥንት ስንጥር ይጥላል። ስንጥር መረቅ ውስጥ አይታይም፤ ለሕፃን ለምትሰጡት ምግብ በተለይ አደገኛ ነው። በመጋዝ የተቆረጠውንም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ የአጥንቱን ዱቄት አስወግዱ።

ቀይ ወይስ ጮማ ያለበት

ቆራጩ «ቀይ ነው ጮማ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት ዓይነት ስብ እንዳለ አስቡ። አንደኛው ከሥጋው ውጭ እንደ ሽፋን የሚቀመጠው ነው። ይህ በቢላዋ ይነሳል። ሁለተኛው በሥጋው ክሮች መሃል በነጭ በነጭ ተበትኖ የሚታየው ነው። ማርብሊንግ የሚሉት ይህንን ነው። በቢላዋ አይነሳም፤ ሲበስል እየቀለጠ ሥጋውን ከውስጥ ያርሰዋል።

በአንዳንድ አገሮች ሥጋ ደረጃ ሲወጣለት ከሚታዩት ዋና ነገሮች አንዱ ይህኛው ስብ ነው። በአሜሪካ ፕራይም፣ ቾይስና ሴሌክት የሚሉት ደረጃዎች የእንስሳውን ዕድሜና የተበተነውን ስብ አይተው ነው የሚሰጡት። የጃፓኑ ኤ5 ደግሞ ሁለት ነገር ይናገራል። ፊደሉ ከእንስሳው ምን ያህል ሥጋ እንደሚወጣ፣ ቁጥሩ ጥራቱን ያሳያል፤ 5 ከፍተኛው ነው። ጽሑፉን ስታዩ ግራ አትጋቡ። ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ጤናማነት አይደለም፤ በዋናነት ስለ ስብና ስለ ጣዕም ነው።

የትኛው ይሻላል? ለቶሎ ጥብስ ማርብሊንግ ያለበት ሥጋ ምንም አይወዳደረውም። ስብ ለሚቀንስ ሰው ደግሞ ታፋ ወይም ጭቅና ጥሩ ነው፤ እንዳይደርቅ እሳቱ ላይ ቶሎ ማንሳት ብቻ ይጠይቃል። የውጩን ስብ በተመለከተ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ሁሉንም አታስነሱ። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይቅር። ሲበስል ይጠቅማል፣ የማይፈልግ ሰው ከሳህኑ ላይ ይለየዋል። ተመዝኖ ከተነሳ ደግሞ የከፈላችሁበት ስብ ልኳንዳው ጋ ይቀራል። «ከማንሳትህ በፊት ነው የመዘንከው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የተፈጨ ሥጋ

የተፈጨ ሥጋ ላይ ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ከተፈጨ በኋላ ምን እንደነበረ ማወቅ አይቻልም።

እሽግ ላይ 80/20 ወይም 90/10 የሚል ካያችሁ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ቀዩን፣ ሁለተኛው ስቡን በመቶኛ ያሳያል። ለበርገርና ለኮፍታ 80/20 ይሻላል። ስቡ ሲቀልጥ በውስጡ ክፍተት እየተወ ስለሚሄድ ሥጋው አይጠጥርም። በ90/10 የተሠራ በርገር ደረቅ ይሆናል። ለሶስና ለሾርባ ግን ስቡ ላዩ ላይ ስለሚንሳፈፍ 90/10 ይመረጣል። ቁጥር የሌለበት ቤት ከሆነ ራሳችሁ አስመጥኑ። ለምሳሌ 800 ግራም ታፋ ላይ 200 ግራም ስብ ማስጨመር ወደ 80/20 ይጠጋል።

ከቻላችሁ ብልቱን መርጣችሁ ዓይናችሁ እያየ አስፈጩ። ወርችና አንገት ለዚህ ግሩም ናቸው። ማሽኑ ጅማቱን ስለሚሰባብረው ጥንካሬያቸው ችግር አይሆንም፤ ጣዕማቸው ግን ይቀራል። ማሽኑ ከእናንተ በፊት ምን እንደፈጨም ጠይቁ። ሁለት ጊዜ የተፈጨው ይልማል፤ ለኮፍታ ይመቻል። ለበርገር አንድ ጊዜ በትልቁ ቀዳዳ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ደኅንነቱ። ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከላይ ነው። መጥበሻው ሲነካው ይሞታል፤ ውስጡ ትንሽ ቀላ ብሎ ቢቀር ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ከተፈጨ ሥጋ ጋር ስሙ የሚነሳው ለዚህ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ምክር ያልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ መሃሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ የተፈጨው 71 ዲግሪ፣ ዶሮ ደግሞ 74 ዲግሪ እንዲደርስ ነው። ቀለሙን አይቶ መገመት አያስተማምንም፤ የተፈጨ ሥጋ ሳይበስል ሊጠቁር፣ በስሎም ቀይ ሊመስል ይችላል። የሥጋ ቴርሞሜትር ትንሽ ዕቃ ነች፣ ዋጋዋን ትመልሳለች።

ትኩስ፣ ያረፈ፣ በረዶ የሆነ

«ዛሬ የታረደ ነው» ሲባል ጥራቱ የተረጋገጠ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እንስሳ ከታረደ በኋላ ጡንቻው መጀመሪያ ልል ነው። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ይገትራል። በከብት ይህ እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚያው ጊዜ በጡንቻው ውስጥ የነበረው ስኳር ወደ አሲድ ይቀየርና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲዱ ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል) ከ7 አካባቢ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በሥጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ማላላት ይጀምራሉ። ስለዚህ በቅዝቃዜ ውስጥ ጥቂት ቀናት ያረፈ የበሬ ሥጋ ከታረደ ገና አምስት ሰዓት ከሆነው ይልቅ ለስላሳ ይሆናል። ትልቁ ስሕተት ገና ሳይገትር የተገዛን ሥጋ ቤት እንደገቡ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። በረዶው ሲለቅ በኃይል ይኮማተራል፤ ከዚያ ወዲያ ለስላሳ ማድረግ ከባድ ነው። በጣም ትኩስ ሥጋ ከገዛችሁ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ፍሪዘር ይግባ።

ድራይ ኤጅድ የሚባለው ይህንኑ ማረፍ ረዘም አድርጎ የሚሠራ ነው። ሥጋው ከነአጥንቱና ከነስቡ፣ ሳይሸፈን፣ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ፣ እርጥበትና ነፋሱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ለሦስት ለአራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይሰቀላል። ውሃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይጠብቃል፣ ላዩ ደርቆ ተቆርጦ ይጣላል። ከክብደቱ ብዙ ስለሚጠፋ ውድ ነው። ዌት ኤጅድ ግን አየር በሌለው ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ የሚያርፈው ነው። ይለሰልሳል፣ ክብደት ብዙም አይጠፋበትም፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ያ የጠበቀ ጣዕም ግን የለውም። ለልስላሴ ብቻ ከሆነ ዌት ኤጅድ ይበቃችኋል። ድራይ ኤጅዱን እቤት ፍሪጅ ውስጥ ልሞክር አትበሉ። የቤት ፍሪጅ በቀን አሥር ጊዜ ይከፈታል።

በረዶ የሆነ ሥጋን ብዙ ሰው ይንቃል። በፋብሪካ በፍጥነት የቀዘቀዘ ሥጋ ግን ልኳንዳ ቤት ሦስት ቀን ከተንጠለጠለው ሊሻል ይችላል። ፍጥነቱ ወሳኝ ነው። በዝግታ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይፈጠርና የሥጋውን ሴሎች ይበሳል፤ ሲቀልጥም ውሃው ይፈስሳል። «በረዶ ሆኖ የተፈታ» የሚል ካያችሁ ወይም ሥጋው ራሱ ባወጣው ውሃ ውስጥ ተኝቶ ካገኛችሁት፣ ዛሬውኑ ለድስት ካልሆነ በቀር እለፉት።

ሳህኑ ላይ የሚወርደው ቀይ ፈሳሽስ? ደም አይደለም። ሥጋ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ማዮግሎቢን የሚባለውን ቀይ ፕሮቲን ይዞ ይወጣል።

ቀለሙ ምን ይላል

የማዮግሎቢን ነገር ከተነሳ ቀለሙን እዚሁ እንጨርሰው። ሥጋ ሲቆረጥ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ይመስላል። አየር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሲቆይ ደግሞ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ስለዚህ አየር በሌለው ፕላስቲክ የታሸገ ሥጋ ጠቆር ቢል አትሽሹ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚሸተው የታፈነ ሽታም በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ካልጠፋ ግን መልሱት። የተፈጨ ሥጋ ውጩ ቀይ፣ ውስጡ ቡኒ መሆኑም አየር ስላልደረሰው ነው።

ቡኒ መሆን ብቻውን መበላሸት አይደለም። የመበላሸት ምልክቱ መጥፎ ሽታና እጅ ላይ የሚሟልጭ ልጥልጥ ነገር ነው። ሁለቱ ካሉ ቅመም አያድነውም።

አንድ የማይታወቅ ምልክት ልንገራችሁ። ከአዲስ እርድ ላይ ሥጋው በጣም የጠቆረ፣ ላዩ ደረቅ፣ ሲነካም የሚያጣብቅ ከሆነ እንስሳው ከመታረዱ በፊት ተጨንቆ ወይም ደክሞ የነበረ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱን ቀድሞ ስለጨረሰ አሲዱ በበቂ አልተፈጠረም። እንዲህ ያለ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። እንስሳ ሳይንገላታና ሳይደነግጥ መታረዱ ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን ለሥጋውም ነው።

ዕድሜና መኖ

የጥጃ ሥጋ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ለስላሳ ክርና ቀለል ያለ ጣዕም አለው። ያደገ ከብት ቀለሙም ጣዕሙም ይጠነክራል። በበግ በኩል ጠቦት ከዓመት በታች ያለው ነው፤ ለፍምና ለመጥበሻ ይመቻል። ዓመታት ያስቆጠረው በግ ሽታው ይከብዳል፣ ሥጋውም ጊዜ ይፈልጋል፤ ድስት ውስጥ ግን ጠቦት የማይደርስበት ጣዕም አለው። ያልተኮላሸ ወጠጤ ከሙክት ይልቅ ጠንከር ያለ ሽታ ይኖረዋል። ሽታ የማትወዱ ከሆነ ይህን ሳትጠይቁ አትግዙ። ዕድሜውን ከአጥንቱ መገመት ይቻላል። የወጣት እንስሳ አጥንት ቀላ ያለና ጫፉ ላይ ልፋጭ ያለው ነው፤ ያረጀው ነጭና ደረቅ ነው።

ሣር የበላ ከብት ስቡ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል። ቢጫው ከሣሩ የሚመጣ ካሮቲን የሚባል ቀለም ነው፤ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ስቡ ስለሚያንስ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይደርቃል። እህል የበላው ስቡ ነጭ፣ ማርብሊንጉም ብዙ ነው። ጣዕም የሚወድ ሣር የበላውን፣ ልስላሴ የሚወድ እህል የበላውን ይምረጥ።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ጽሑፍ ስለ አኗኗርና ስለ መኖ እንጂ ስለ ጣዕም አይናገርም። የዶሮ እሽግ ላይ ደግሞ «ጨውና ውሃ የተጨመረበት» የሚል ካለ በውሃ ላይ የሥጋ ዋጋ እየከፈላችሁ ነው። ጥቃቅን ፊደሎቹን አንብቡ።

የሆድ ዕቃ

ጉበትና ኩላሊት ቶሎ የሚነሱ ናቸው። ጉበት እሳት ላይ ከቆየ ዱቄት ይሆናል። አንጸባራቂና እርጥብ የሆነውን፣ የሚያጣብቅ ነገር የሌለበትን ምረጡ። ቫይታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛበት ነፍሰ ጡር ሴት ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር አታዘውትረው። ምላስ፣ ልብና ጨጓራ በተቃራኒው ሠራተኞች ናቸው። በተለይ ምላስ ሦስት ሰዓት ገደማ ተቀቅሎ ገና ትኩስ ሳለ ቆዳው ሲገፈፍ እንደ ቅቤ ይሆናል። በዋጋው ልክ ቢመዘን ከጭቅና የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ከገዛችሁ በኋላ

ሥጋ የመጨረሻ ግዢያችሁ ይሁን። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የተፈጨ ሥጋ፣ የሆድ ዕቃና ዶሮ አንድ ሁለት ቀን፣ ያልተፈጨ ሥጋ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ጥሬ ሥጋ ሁልጊዜ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጎድ ባለ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ውሃው ሰላጣ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ለፍሪዘር ስታዘጋጁ ለአንድ ጊዜ ምግብ በሚሆን መጠን ከፋፍሉት። አየሩን ከፕላስቲኩ ውስጥ በደንብ አስወጡ። ብልቱንና ቀኑን ጻፉበት፤ ከወር በኋላ ወርችና ታፋ አይለዩም። የተፈጨውን እንደ ኳስ አታድቦልቡሉት። ፕላስቲኩ ውስጥ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት አስተኙት። ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲፈለግም ከነፕላስቲኩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይፈታል። ሁለት ሦስት ኪሎ የሚሆነው ወፍራም ቁራጭ ግን ፍሪጅ ውስጥ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታልና የእሑዱን ሥጋ ዓርብ ማታ አውጡት።